«ታፔላ»፦ ለጀበና ቡና መሸጫ የምሠራው ወፍራም ፊደል (የሥራ ሂደት ማስታወሻ)

መስከረም 20

ጓደኛዬ የጀበና ቡና መሸጫ ልትከፍት ነው። ቦታው ጠባብ ነው። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ከበሩ በላይ ደግሞ 2 ሜትር የሚሆን ላሜራ። ላሜራው ላይ «የጀበና ቡና» ተብሎ እንዲጻፍ ትፈልጋለች። «የድሮ ታፔላ ይምሰል። ወፍራም ይሁን፣ ያጌጠ ይሁን፣ ከመንገድ ማዶ ሰው ይጥራ» አለችኝ።

ኮምፒውተሬ ላይ ያሉትን የአማርኛ ፎንቶች በሙሉ አንድ በአንድ ሞከርኩላት። አብዛኞቹ የተሠሩት ለመጽሐፍና ለጋዜጣ ነው። ሲወፍሩ ሰውነታቸው ያብጣል እንጂ ባሕርይ አያወጡም። የድሮ ታፔላ ግን ባሕርይ ነበረው። ፒያሳ ከመፍረሱ በፊት፣ ከ2016 መጋቢት በፊት ማለቴ ነው፣ በስልኬ ያነሳኋቸው 60 ያህል የታፔላ ፎቶዎች አሉኝ። ልብስ ሰፊ፣ ወርቅ ቤት፣ ሰዓት አዳሽ፣ ፎቶ ቤት። ዛሬ ማታ በተርታ ደርድሬ አየኋቸው። ከእነዚህ ውስጥ ስንቶቹ ላሜራዎች ዛሬ የት እንዳሉ ማሰብ ሆዴን ባር ባር አሰኘው።

ስለዚህ ፊደሉን ራሴ ልስለው ነው። ስሙንም አውጥቻለሁ፤ «ታፔላ»።

መስከረም 24

መጀመሪያ የላቲኑን ወገን ማጥናት ፈለግሁ። ወፍራምና ያጌጠ ፊደል የተስፋፋው እዚያ ነውና።

እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የአውሮፓ ፊደል ቀራጮች በአብዛኛው የሚያስቡት ለመጽሐፍ ነበር። ከዚያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ መጣ። የሎተሪ፣ የቲያትር፣ የመድኃኒት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ሮበርት ቶርንና መሰሎቹ ቋሚ መስመሩን በጣም አወፈሩት፤ አግድሙን ግን እንደ ፀጉር አቀጠኑት። በ1815 እ.ኤ.አ. አካባቢ ቪንሰንት ፊጊንስ ደግሞ ከእግሩ ሥር ድፍን ጣውላ የመሰለ ጠርዝ አደረገ። በ1827 ኒው ዮርክ ላይ ዳርየስ ዌልስ ትልልቅ ፊደሎችን በማሽን ከእንጨት መቅረጽ ጀመረ። ከእርሳስ ብረት የሚቀልጥ ትልቅ ፊደል ይከብዳል፣ ዋጋውም ውድ ነው። እንጨት ይቀላል፣ ይረክሳል። ይህ ከሆነ በኋላ ጌጥ እንደ ልብ ሆነ። እግሩ የተሰነጠቀ፣ ወገቡ ላይ እሾህ ያወጣ፣ ጫፉ ላይ እንክብል ያንጠለጠለ ፊደል በየፖስተሩ ታየ።

ከእግሩ ግራና ቀኝ የሚወጣውን ጠርዝ ሰሪፍ ይሉታል። እኔ ጫማ ነው የምለው። ለሥራም ይመቸኛል።

ደስ ያለኝ ነገር አለ። ቋሚው ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን የሚለው ሕግ ለእኛ ፊደል ባዕድ አይደለም። በ፣ ለ፣ ሐ፣ ጠ ሁሉም የቆሙት በእግራቸው ነው። እግራቸውን ብታወፍረው ይሸከሙታል።

ልኬቴን ያዝኩ። ከፍታ 700 ዩኒት (ፊደል በኮምፒውተር ሲሳል የሚለካበት ትንሽ መለኪያ ነው)፣ ወፍራም እግር 190፣ ቀጭኑ መስመር 12፣ ጫማው ወደ ውጪ 70።

ጥቅምት 2

ዛሬ «በ»ን ጨረስኩ። በጣም ቆንጆ ሆነች። ሁለት ድፍን እግር፣ ከላይ ክብ ትከሻ። በሁለቱ እግሮች መሐል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ የውስጡን ጫማ ቆረጥኩት፤ የውጪውን ብቻ ተውኩ። የቀሩትን ፊደላትም በዚሁ መንገድ ሠርቼ «የጀበና ቡና»ን በኤ4 አተምኩ። ሳሎን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

እናቴ ከኩሽና ወጣች። መነጽሯን አላደረገችም።

«እማዬ፣ ምን ይላል?»

«የጀቢና ቡና» አለች።

«እስቲ ደግመሽ እይው።»

ጠጋ አለች። «ቢ ነው የጻፍሽው። ጀበና ለማለት ነው?»

ቆሜ ቀረሁ። ልክ ነበረች። በቀኝ እግሩ ግርጌ ወደ ቀኝ የወጣው የኔ ጫማ ለላቲን ፊደል ጌጥ ነው። ለ«በ» ግን ጌጥ አይደለም፤ ሣልስ ነው። «ቢ»ን «ቢ» የሚያደርገው እሱ ራሱ ነው። አሳምሬ የሳልኩት ጠርዝ አናባቢውን ቀይሮታል።

ማታ ሌሎች ቃላት ሞከርኩ። «በራ» «ቢራ» ሆነ። «ሰም» «ሲም» ሆነ። መብራቱ በራ ብዬ ብጽፍ ሰው ቢራ ሊያዝ ነው ማለት ነው።

ጥቅምት 5

ሦስት ቀን ሙሉ ይህንን ብቻ ሳስብ ነበር። ጫማውን ትቼ ሌሎቹን የድሮ ጌጦች ልሞክር አልኩ። እያንዳንዱን በ«በ» ላይ አስቀመጥኩ።

ወገቡ ላይ የሚወጣው እሾህ፦ በቀኝ እግሩ መሐል ሲወጣ «ቡ»። ካዕብ።

ጫፉ ላይ የሚንጠለጠለው እንክብል፦ በቀኝ እግሩ ግርጌ ሲሆን «ቤ»። ኀምስ።

አንዱን እግር ከሌላው ማስረዘም፦ ቀኙ ሲረዝም «ባ»፣ ግራው ሲረዝም «ቦ»። ራብዕና ሳብዕ።

ግራ ጎኑ ላይ ትንሽ ጭረት፦ «ብ»። ሳድስ።

ከላይስ? ከላይ አግድም ሰረዝ ከጣልኩ «ሰ» «ሸ» ይሆናል፤ «ተ» «ቸ» ይሆናል። ከላይ ቀለበት ካደረግሁ «ቀ» «ቆ» ይሆናል፤ «ለ» «ሎ» ይሆናል። የአንድ እግር ፊደሎች ግርጌ ወደ ግራ ቢታጠፍስ? «ተ» «ታ» ነው፤ «ነ» «ና» ነው።

ወረቀት ላይ አንድ ፊደል ስዬ በዙሪያው ያሉትን ቦታዎች በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩ። ባዶ ቦታ አጣሁ። ሁሉም ቦታ ሰው አለበት። ሀሁ ስንቆጥር በቃላችን ብቻ ነው የያዝነው፤ ፊደሉ ስንት ነገር እንደሚሸከም ዛሬ ነው በዓይኔ ያየሁት። በላቲኑ ጌጥ የሚቀመጥበት ቦታ ሁሉ በእኛ ፊደል ተይዟል። እዚያ የሚቀመጠው ነገር ድምፅ ነው።

ይህንን ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ለጠፍኩት። ከዚህ በኋላ የምሠራው ሁሉ በእሱ ይመዘናል።

ጥቅምት 11

መብራት የለም። በእጄ «የ» ብቻ ሳልኩ።

ጥቅምት 19

ስድስት ኪሎ ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ሕንፃ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። መስታወት ውስጥ ከተዘረጋ ብራና ፊት ቆሜ ቆየሁ።

መጀመሪያ እግሮቹን ነው ያየሁት። ጫማ የላቸውም። ግን ቀጥ ብለውም አልተቆረጡም። ግርጌያቸው በሰያፍ ነው የሚያልቀው። ምክንያቱ መሣሪያው ነው። የመቃ ብዕር ጫፉ በሰያፍ ይቆረጣል። ጸሐፊው ብዕሩን ወደ ታች ሲጎትት ወፍራም ይወጣል፣ ወደ ጎን ሲያንሸራትት ቀጭን። ሲያቆም ደግሞ የብዕሩ ጫፍ ቅርጽ እዚያው ይቀራል። የእግሩ ማለቂያ የብዕሩ ፊርማ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቀለሙ ነው። ጸሐፊዎቹ አንድን ቃል ማጉላት ሲፈልጉ ፊደሉን አላወፈሩትም፤ በቀይ ጻፉት። የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፍ መጀመሪያ፣ ሁሉም በቀይ። በአንድ ገጽ ውስጥ አንዱን ቃል ከሌላው አወፍሮ ማጉላት ከማተሚያ ጋር የመጣ እንግዳ ነው። ለትልልቅ መጻሕፍት የሚሆን ጉልህ የሚባል ደማቅ አጻጻፍ ግን ነበር፤ በተለይ የጎንደር ዘመን ብራናዎች ላይ ይታያል። ስለዚህ ውፍረት ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለም። ገጹ ሁሉ አብሮ ይወፍራል እንጂ።

ሦስተኛው፣ ከጽሑፉ በላይ የተጠላለፈው ሐረግ። እንደ ገመድ የሚታጠፍ፣ የሚቋጠር ጌጥ። እዚያ ጌጥ አለ፤ ያውም የተትረፈረፈ። ግን ከፊደሉ ጋር አይነካካም። ፊደሉ ከታች ንጹሕ ሆኖ ይቆማል፤ ሐረጉ ከላይ እንደ ልቡ ይጫወታል። እነዚያ ሰዎች እኔ ጥቅምት 2 ላይ የገባኝን ነገር ከስንት መቶ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ የእግሩን ማለቂያ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ስስል መጣሁ። በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ጀርመናዊው ቄስ ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ሲያሳትም ያስተማሩት እዚያ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ናቸው። የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ለማተሚያ በብረት የተቀረጸው ያኔ ነው። ብዕር ያለ ጭንቀት የሚያወጣውን ሰያፍ በብረት መቅረጽ ምን ያህል እንደሚያስቸግር አሁን እኔም በትንሹ ቀምሼዋለሁ። በኮምፒውተር እንኳ በአንድ ግርጌ ላይ 4 ነጥብ ነው የማንቀሳቅሰው፤ አንዱ ከተዛባ እግሩ ይንሻፈፋል።

ኅዳር 3

ሰፈራችን አንድ አዛውንት ታፔላ ጸሐፊ አሉ። ፕሪንተር ከመጣ በኋላ ሥራው ቀዝቅዞባቸዋል፤ አሁን በአብዛኛው የመኪና ታርጋና የቆርቆሮ በር ላይ ቁጥር ነው የሚጽፉት። የጀመርኩትን ይዤ ሄድኩ።

ወረቀቶቹን ዘርግተው ዝም ብለው አዩ። ከዚያ «ቤ» ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይቺን ቀለበት በምን ሠራሻት?»

«በኮምፒውተር ነው ጋሼ። ክብ ስዬ መሐሉን ቆረጥኩት።»

«ለዚህ ነው ዓይኗ የፈጠጠው። ነይ እይ።»

ጠፍጣፋ ብሩሽ አነሱ። ጥቁር ሲንተቲክ ቀለም ነክረው ጫፉን በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ አሳሳሉት። የ«ቤ»ን ቀኝ እግር አወረዱ። ግርጌው ላይ ሲደርሱ ብሩሹን አላነሱም። በጣታቸው መሐል አሽከረከሩት። ብሩሹ ሲዞር ቀለበቱ በግራው ወፍራም፣ ከላይና ከታች ቀጭን ሆኖ ወጣ። ሁለተኛ ምት፣ ከቀኝ ወደ ታች፣ ዘጉት። ሁለት ምት ብቻ። ውስጡ የቀረው ነጭ ክብ አልነበረም። ቆሞ የተንጋደደ የገብስ ፍሬ ይመስል ነበር።

«ክብ አድርገሽ ከሠራሽው ጉድጓድ ነው የሚመስለው። የገብስ ፍሬ አድርጊው፤ ያኔ ይተነፍሳል» አሉኝ።

እንዲያስተምሩኝ ጠየቅኳቸው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ «ቤ»፣ «ሌ»፣ «ሴ» ስጽፍ ዋልኩ። ልብሴ በቀለም ተጨማለቀ፤ ግን እጄ ገባው። ማታ ቤት ገብቼ የሁሉንም ኀምስ ቀለበት እንደገና ሠራሁ። ውስጡ ነጩ አሁን በጎኑ 48፣ በቁመቱ 86 ዩኒት ነው። ቀድሞ ሁለቱም 60 ነበሩ። የነጩ ጠቅላላ ስፋት ብዙም አልተለየም። ግን ከሩቅ ሲታይ የፊተኛው ይደፈን ነበር፤ የአሁኑ አይደፈንም።

ኅዳር 10

ጫማ ጨርሶ ልተው? ልቤ እምቢ አለ። ያለ ጫማ ሲሆን የድሮ ታፔላ አይመስልም፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ግንድ ነው።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። አናባቢ ምልክቶቻችን አንድ ወገን ናቸው። ወይ በቀኝ ነው ወይ በግራ፤ እኩል በሁለቱም በኩል የሚወጣ የለም። እንግዲያው እግሩ ግርጌው ላይ በግራም በቀኝም እኩል ሰፋ ቢል ዓይን እንደ ምልክት ሳይሆን እንደ እግር ያነበዋል ማለት ነው። እንደ ዝሆን እግር፣ ከታች ሰፋ ያለ።

«በራ»ን በ6 ዓይነት ስፋት አተምኩ። 10፣ 16፣ 22፣ 30፣ 40፣ 55 ዩኒት፣ በእያንዳንዱ ወገን። እናቴን፣ እህቴን፣ ጎረቤት ያለውን የአምስተኛ ክፍል ልጅ፣ ጓደኛዬን፣ በድምሩ 9 ሰው አስነበብኩ። ከ5 ሜትር ርቀት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ። እስከ 22 ድረስ ማንም አልተሳሳተም። 30 ላይ አንድ ሰው አመነታ። 40 ላይ ሦስቱ «ቢራ» አሉ። 55 ላይ ከግማሽ በላይ።

22 ላይ ቆምኩ። ጠርዙም ስለታም አይደለም፤ ከእግሩ ወደ ግርጌው ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ማለቂያው ላይ የመቃ ብዕሩ ሰያፍ አለ። እውነተኛውን «ቢ» ደግሞ ምልክቱን 120 አስወጣሁት፤ ከ22 ጋር ማንም እንዳያምታታው።

ይህ ቀን ለኔ ትልቅ ቀን ነበር። ጫማውን ያገኘሁት ከራሱ ከፊደሉ ነው።

ኅዳር 25

ባለ ሦስት እግሮቹ። ሐ እና ጠ፣ ጨምሮም ጨ።

ቀላል ሒሳብ ነው። «በ» ሁለት እግር አላት፤ 190 ሲደመር 190፣ መሐሉ 150፣ በድምሩ 530። «ጠ»ን በዚያው ውፍረት ብሠራት ሦስት እግር 570፣ ሁለት ክፍተት 180፣ በድምሩ 750። ከጎኗ ያለውን ሁሉ ትጋፋለች። «ጠጅ» ብለህ ስትጽፍ ከሩቅ የሚታየው አንድ ጥቁር አጥር ነው።

የ«ጠ»ን እግሮች ወደ 150 አወረድኳቸው፤ ክፍተቱን 85 አደረግሁ። 620 ሆነች። ለብቻዋ ስታያት ከ«በ» የሳሳች ትመስላለች። ቃል ውስጥ ስትገባ ግን እኩል ጥቁረት አላት። ዓይን የሚያየው የአንዱን እግር ውፍረት አይደለም፤ ጥቁሩና ነጩ እንዴት እንደተካፈሉ ነው የሚያየው። መሐለኛዋን እግር ደግሞ በ8 ዩኒት ይበልጥ አሳሳኋት፤ በሁለት ጥቁር መሐል ያለች ስለሆነች ከእውነቷ ወፍራ ትታያለች።

ታኅሣሥ 7

ካዕብ ሁሉ አለቀ። ሣልስ ሁሉ አለቀ። ሳድስ ግን ሳድስ ነው። ሥርዓት የለውም። «ብ» ጭረት፣ «ል» መታጠፍ፣ «ር» ሌላ፣ «ይ» ሌላ። አንድ ምልክት ስለህ በሁሉም ላይ የምትለጥፍበት ነገር አይደለም።

በአማርኛ ታይፕራይተር ዘመን ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ምልክቶቹ ለብቻቸው ይመቱ ነበር። ከፊደሉ ጋር ሳይገጣጠሙ ተንሳፍፈው የቀሩባቸው የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች እናቴ ሳጥን ውስጥ አሉ። ያንን እያየሁ ወሰንኩ። በ«ታፔላ» ውስጥ ምልክት የሚባል የተለየ ቁራጭ አይኖርም። እያንዳንዱ ፊደል እንደ አንድ አካል ይሳላል። ሥራው ይበዛል። ይብዛ።

ታኅሣሥ 21

አሁን ወደ ጌጡ። በዙሪያው ቦታ ከሌለ የቀረው ውስጡ ነው። 190 ዩኒት ወፍራም እግር ማለት እኮ ሰፊ ሜዳ ነው።

መጀመሪያ አንድ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር በእግሩ መሐል አስገባሁ። የድሮ እንጨት ፊደሎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነው። ያምራል፤ ግን የማንም ነው። ከዚያ ሐረጉ ትዝ አለኝ። ሁለት ክር፣ እየተጠላለፉ የሚወርዱ፣ በመሐል አንድ ቋጠሮ። ክሩ 14 ዩኒት፤ ከእግሩ ጠርዝ 40 ገባ ብሎ። ቋጠሮው በሁሉም ፊደል ላይ በአንድ ቁመት ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ቃል ሲጻፍ ቋጠሮዎቹ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። «የጀበና ቡና»ን እንዲህ አድርጌ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጥለት ነው የመሰለኝ፤ የነጠላ ጥለት።

ሐረጉን ለብቻው ፋይል አደረግሁት። ከፈለግህ ጥቁሩን ብቻ ትጠቀማለህ። ከፈለግህ ሐረጉን በሌላ ቀለም ከላዩ ታስቀምጣለህ። በ1874 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ ዊሊያም ፔጅ በሁለት ቀለም ተደራርበው የሚታተሙ የእንጨት ፊደሎች አሳይቶ ነበር፤ ዘዴው ያው ነው። የኔ ቀለሞች ግን ከስድስት ኪሎ የመጡ ናቸው። ጥቁርና ቀይ።

ጥር 4

ለመስኮቱ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ፊደሎች በስቲከር አስቆረጥኩ። «ቡና፣ ሻይ፣ ቆሎ» የሚል። ቆራጩ ልጅ ትርፉን ሲልጥ የፊደሎቹ ትከሻ አብሮ ተላጠ። በተለይ «ቆሎ» ተበጣጠሰ።

ጥፋቱ የሱ አይደለም። ቀጭኑ መስመሬ 12 ዩኒት ነው። 700 ዩኒት 4 ሳንቲ ሲሆን 12 ዩኒት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ስቲከር ይህን አይሸከምም። ቀጭኑን 34 አደረግሁት፤ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ መጣ። ሁሉንም ፊደል እንደገና መክፈት ነበረብኝ። አራት ቀን ሙሉ ወሰደብኝ። ሐረጉንም ከትንሹ መጠን አወጣሁት፤ ሐረግ ለትልቅ ታፔላ ብቻ ነው።

ጥር 13

ቆጠርኩ። 33 ቤት በ7 ድምፅ 231። «ቨ» ከነቤተሰቧ 7። ቀጥሎ ዲቃሎቹ፤ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ሏ፣ ሟ እና ወገኖቻቸው። ቁጥሮቹ 20፣ ከ፩ እስከ ፼። ነጥቦቹ 9።

ዩኒኮድ፣ በኮምፒውተር ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ የግዕዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ውስጥ ስላስገባ እያንዳንዱ የራሱ ቋሚ ቦታ አለው። ያ ባይሆን ይህ ፊደል በጓደኛዬ ስልክ ላይ «ቡና» ብሎ ሊከፈት አይችልም ነበር።

ቁጥሮቹን ስሠራ በጣም ደስ አለኝ። ከላይና ከታች ያሉት ሁለት ሰረዞች እዚህ ነጻ ናቸው፤ አናባቢ አይሸከሙም። እዚያ ላይ ጫማዬን እንደ ልቤ አወጣሁት። አራት ነጥቡን ደግሞ ክብ አላደረግሁትም፤ በሰያፍ የተቆረጠ ብዕር ወረቀት ላይ ሲያርፍ የሚተወውን አራት ማዕዘን አደረግሁት።

ጥር 28

ክፍተት። ማለትም አንዱ ፊደል ከሌላው ምን ያህል ይራቅ።

የላቲን ከርኒንግ (የክፍተት ማስተካከያ) ትምህርት ብዙ አልጠቀመኝም። የኛ ችግር ግርጌ ላይ ነው። «ሾላ» ብለህ ጻፍ። «ሾ» ቀኝ እግሯ አጭር ነው። «ላ» ግራ እግሯ አጭር ነው። ሁለቱ አጫጭር እግሮች ሲገናኙ ከሥራቸው ሰው የሚያስገባ በር ይከፈታል። በተቃራኒው «ባቦ» የሚመስል ነገር ሲመጣ ሁለት ረጃጅም እግሮች ይጋጫሉ። ሳብዕ ቀጥሎ ራብዕ ሲመጣ በ46 ዩኒት አቀራረብኳቸው። ራብዕ ቀጥሎ ሳብዕ ሲመጣ 20 አራቅኳቸው። ከዚያ የአዲስ አበባን ሰፈሮች ስም በሙሉ ጻፍኩ። ሾላ፣ ኮተቤ፣ ጎተራ፣ ቦሌ፣ ሳሪስ፣ ልደታ፣ ጉለሌ፣ ቀበና። እነዚህ ከተስተካከሉ ታፔላ ይስተካከላል።

የካቲት 9

ታፔላው ተሰቀለ።

ቀለሙን የቀቡት ጋሼ ናቸው። እኔ ፊደሎቹን 30 ሳንቲ ሜትር አድርጌ ወረቀት ላይ አተምኩ። እሳቸው የወረቀቱን ጀርባ በከሰል አሹት፣ ላሜራው ላይ ለጠፉት፣ በእርሳስ ዙሪያውን ተከተሉት። ወረቀቱ ሲነሳ ግራጫ መስመር ቀረ። ከዚያ ብሩሹ። ጥቁሩ ትናንት ደረቀ፣ ቀዩ ሐረግ ዛሬ ጠዋት።

መንገድ ተሻግረን ቆምን። ጓደኛዬ ታለቅሳለች፣ እናቴ እልል ትላለች። ጋሼ ግን እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ፀሐዩን ከልለው ዝም ብለው ያያሉ።

«በ አላሳሳተችም። ቡ ልክ ናት» አሉ። «ና ግን ነ ሆናለች።»

እውነታቸውን ነው። የ«ና» ግርጌ ወደ ግራ የምትታጠፈዋን እግር አግድም ስለሆነች በቀጭኑ መስመር ነበር የሠራኋት፤ በ34። ወረቀት ላይ ትታያለች። ፀሐይ ላሜራው ላይ ሲያርፍ ግን ትጠፋለች። ጌጡ እንዳይናገር ስጠነቀቅ፣ መናገር ያለበትን ድምፁን አሳንሼበታለሁ። ያውም «የጀበና ቡና» ውስጥ «ና» ሁለት ጊዜ አለች።

ጋሼ መሰላሉን አስመጡ። ወጥተው ሁለቱን እግሮች በብሩሽ አወፈሯቸው፤ ጫፋቸውን ትንሽ ወደ ላይ ቀና አድርገው በሰያፍ ጨረሱት። አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ተመልሰን ማዶ ቆምን። አሁን «ና» ይላል።

መሰላሉ ሳይነሳ ወጥቼ በሜትር ለካሁት። 2 ሳንቲ ተኩል። በኔ ልኬት 58 ዩኒት ነው። ማታ ፋይሉን ከፍቼ «ና»ን አስተካከልኩ። ቀና ያለውንም ጫፍ ከፎቶው ላይ አስገባሁ። ታ፣ ቃ፣ ያ እና ቻ ለነገ ይቆያሉ።